ልጃችሁን ቼስ ውድድር ከማስገባታችሁ በፊት ሰዓት ማቆም አስተምሩት

ልጄ አስራ አንድ ዓመቷ ነበር፣ ባለፈው ክረምት እዚሁ አዲስ አበባ በተደረገ የታዳጊዎች የቼስ ውድድር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጫወት። ይሄን የምጽፈው ልጃቸውን ወይ ታናሽ እህት ወንድማቸውን ውድድር ሊያስገቡ ላሰቡ ሰዎች ነው። ስለ ኦፕኒንግ ስለ ታክቲክ ምናምን ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል፣ እኛን ያስለቀሰን ግን እሱ አይደለም። ልጄ እጇ የገባ ጌም ያመለጣት እጇን አውጥታ ዳኛ መጥራት ስላልቻለች ነው፣ ያልቻለችው ደሞ ፈሪ ሆና ሳይሆን እንደዛ አድርገን ስላሳደግናት ነው፣ ትልቅ ሰው ሲያወራ ዝም በይ፣ ካልተጠየቅሽ አትናገሪ፣ ጨዋ ሁኚ እያልን። ቼስ ላይ ዝም የሚል ልጅ ነጥብ ያጣል፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከምዝገባ ልጀምር። የታዳጊዎች ውድድር ከ8፣ ከ10፣ ከ12፣ ከ14፣ ከ16 እና ከ18 ዓመት በታች እየተባለ ነው የሚከፈለው፣ በዓለም አቀፉ የቼስ ፌዴሬሽን በፊዴ ደንብ ደሞ እድሜ የሚቆጠረው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ነው። ለምሳሌ በ2025 ከ12 በታች ለመጫወት ልጁ ከጃንዋሪ 1 2013 ጀምሮ የተወለደ መሆን አለበት፣ የልደት ሰርተፍኬቱ በኛ አቆጣጠር ከሆነ ይሄ ቀን ታህሳስ 23 2005 ላይ ነው የሚውለው። ታህሳስ 20 የተወለደ ልጅና ታህሳስ 25 የተወለደ ልጅ በዚች ልዩነት ብቻ ሌላ ሌላ ምድብ ይገባሉ ማለት ነው። ምዝገባ ላይ አንዲት እናት ይሄን ሳታውቅ መጥታ ልጅሽ ከ14 በታች ነው የሚጫወተው ሲሏት ክው አለች፣ ልጁም ገና ሳይጀምር ፊቱ ጠቆረ። ታህሳስ አካባቢ የተወለደ ልጅ ያላችሁ ቀኑን ወደ ፈረንጅ ቀይራችሁ ቀድማችሁ እዩት።

ሌላው፣ እነዚህ ውድድሮች ብዙ ጊዜ የሚካሄዱት በስዊስ ሲስተም ነው፣ የተሸነፈ አይወጣም፣ በየዙሩ ነጥባቸው የተቀራረበ ልጆች ይገናኛሉ። ይሄን ለልጁ በደንብ ንገሩት ምክንያቱም ኳስ ላይ እንደሚያየው ጥሎ ማለፍ እየመሰለው አንዴ ከተሸነፈ በቃ ያለቀለት የሚመስለው ልጅ ብዙ ነው፣ የተሸነፈ ልጅ ቀጥሎ የሚገጥመው እንደሱ የተሸነፈ ልጅ እንደሆነ ሲያውቅ ግን ትንሽ ይረጋጋል።

አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛዎቹ በረድፍ ተደርድረው ወላጅ ከገመድ ወዲህ ነው የሚቆመው። ለእያንዳንዱ ልጅ 90 ደቂቃ ተሰጥቶ በየሙቩ፣ ማለትም ጠጠር ባንቀሳቀሰ ቁጥር፣ 30 ሰከንድ ይጨመራል፣ ስለዚ አንድ ጌም ሁለት ሰዓት ሶስት ሰዓት ሊሄድ ይችላል፣ ክረምት ላይ ደሞ አዳራሽ ይበርዳል፣ ጃኬት፣ ውሃ፣ የሚቀመስ ነገር እና ሁለት እስክሪብቶ ያዙላት። ስልክ ግን ኪሷ ውስጥ እንዳይገኝ፣ ደንቡ ተጫዋች ላይ ስልክ ከተገኘ ጌሙን ተሸነፈ ነው የሚለው፣ አይጮህም ጠፍቷል ብሎ መከራከር አያዋጣም። አንዳንድ ወላጅ ስትጨርሺ ደውይልኝ ብሎ ስልኩን ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ይከታል፣ በጭራሽ እንዳታደርጉት። ከገመዱ ማዶ ሆኖ ማንሾካሾክም፣ በዓይን መጥቀስም፣ ራስ መነቅነቅም አይፈቀድም፣ እውነት ለመናገር ለኔ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

የመጀመሪያውን ዙር በቀላሉ አሸነፈች፣ እሱን ልዝለለውና ወደ ሁለተኛው ልምጣ።

ነጭ ይዛ ነው የገባችው፣ የገጠማት ልጅ ከሷ ከፍ ያለ ውድድር የለመደ ልጅ ነው፣ ሲቀመጥ ራሱ ያስታውቃል፣ ሰዓቱን አይቶ ወረቀቱ ላይ ስሙን ጽፎ እስክሪብቶውን አስተካክሎ። ልጄ ግን በደንብ ተጫወተች። መሀል ላይ አንድ ቢሾፕ በላችበት፣ ከዛ ሩኮቹን ተቀያየሩ፣ ሁለቱም ኩዊን እና ጥቂት ወታደሮች ቀሯቸው፣ የሷ የኤ መስመር ወታደር ደሞ ማንም ሳያስቆመው ቀስ እያለ ኤ7 ደረሰ። ከገመዱ ማዶ ሆኜ በቃ አለቀ አልኩ ለራሴ። ወታደሩን መጨረሻው ረድፍ ላይ ኤ8 አስገባች፣ እዛ የደረሰ ወታደር በኩዊን ይቀየራል፣ እና ቀና ብላ ጠረጴዛውን ማየት ጀመረች። ኩዊኗ ቦርዱ ላይ ናት፣ ሁለተኛ ኩዊን ጠረጴዛው ላይ የለም። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች፣ ሰዓቷ እየቆጠረ ነው። ዳኛው ከሷ ሶስት ጠረጴዛ ርቆ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። እጇ ትንሽ ከፍ ብሎ መልሶ ወረደ፣ አይቻታለሁ። ከዛ እቤትም ሰፈርም ሁላችንም እንደምናደርገው ከተበሉት መሀል አንድ ነጭ ሩክ አነሳች፣ ገለበጠችውና ኤ8 ላይ አስቀምጣ ሰዓቱን ተጫነች።

ይሄን ልብ በሉ። በውድድር ላይ የተገለበጠ ሩክ ሩክ ነው። ኩዊን አይደለም፣ ኩዊን ናት ብትሉም አይሆንም።

ልጁ ምንም አላለም፣ ሙቩን ተጫወተ። ልጄ ቀጥላ ያቺን የተገለበጠች ነገር በሁለት ጣቷ ይዛ በዲያጎናል ከኤ8 ወደ ኢ4 አወረደቻት፣ ቼክ፣ ንጉሡን የሚያጠቃ ሙቭ ማለት ነው፣ ፊቷ ላይ ፈገግታ ነበር። ልጁ ሰዓቱን አቆመና እጁን አወጣ። ዳኛው መጣ፣ አየ፣ ይሄ ሩክ ነው፣ ሩክ በዲያጎናል አይሄድም፣ ኢሊጋል ሙቭ (ደንብ የማይፈቅደው) ነው አለ፣ ለልጁ ሁለት ደቂቃ ጨመረለት፣ ለልጄ ደሞ የነካሽውን ሩክ በሚፈቀድለት መንገድ አንቀሳቅሺ አላት። ዳኛውም ልጁም ያደረጉት ሁሉ ደንቡ የሚለውን ነው፣ በነሱ ላይ ቅሬታ የለኝም።

እዚህ ጋር የሚያሳዝነው ምን መሰላችሁ፣ ፖዚሽኑ አሁንም የሷ ነበር። ኩዊን እና ሩክ ይዛ ኩዊን ብቻ ከያዘ ልጅ ጋር ናት፣ ተረጋግታ ብታየው ታሸንፈዋለች። ግን ጆሮዎቿ ቀልተዋል፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ ሰው ሁሉ እሷን የሚያይ መስሏታል። ሩኩን አንቀሳቀሰች፣ ልጁ በኩዊኑ ከሩቅ ቼክ አላት፣ እሷ ግን ቼኩን አላየችውም፣ ሀሳቧ ሩኩ ላይ ነው፣ ደግማ ሩኩን አንስታ ሌላ ቦታ አስቀምጣ ሰዓቱን ተጫነች። ንጉሧ ቼክ ላይ እያለ፣ ከቼኩ ሳታወጣው። ሁለተኛ ኢሊጋል ሙቭ ማለት ደሞ ጌሙን ተሸነፍሽ ማለት ነው። እጅ ተጨባበጡ፣ አለቀ።

እቤት ከገባሁ በኋላ ሳነብ ይሄ ነገር ትልልቆቹም ላይ እንደደረሰ አገኘሁ። በ2017 የካናዳ ሻምፒዮና ላይ ኖሪትሲን የሚባል ተጫዋች ከሳምቡዬቭ ጋር ለሻምፒዮንነቱ ብሊትዝ (በጣም አጭር ሰዓት ያለው ጌም) ሲጫወቱ ወታደሩን አድርሶ ኩዊኗን ጠረጴዛው ላይ ሲያጣት ሩክ ገልብጦ አስቀመጠ፣ ኩዊን ብሎም ተናገረ፣ ዳኛው ግን አስቁሞ ሩክ ነው አለ፣ ኖሪትሲን ተሸነፈ፣ ይግባኙም ውድቅ ሆነ። ኩዊኗ ለካ ተጋጣሚው እጅ ውስጥ ነበረች። ለልጄ ይሄን ታሪክ ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ቀለል አላት፣ በዛ ደረጃ ያለ ሰው ላይም ደርሷል ማለት ነው አለች።

አሁን መፍትሄው ምን ነበር ካላችሁ በጣም ቀላል ነው። የፊዴ ደንብ ላይ ተጫዋች የዳኛ እርዳታ ሲፈልግ ሰዓቱን ማቆም ይችላል ይላል፣ እንደ ምሳሌ የተጠቀሰው ራሱ ወታደር ደርሶ የሚፈለገው ጠጠር በሌለበት ጊዜ ነው። ወታደሩን ማስገባት፣ ሰዓቱን ማቆም፣ እጅ ማውጣት፣ ኩዊን አምጡልኝ ማለት። ሰዓቱ ስለቆመ ምንም ጊዜ አይባክንባትም። ይሄን ማንም አልነገራትም ነበር፣ ስልክ ላይ ነው ቼስ የተማረችው፣ ስልክ ላይ ደሞ ወታደር ሲደርስ ኩዊኗን አፑ ራሱ ያመጣታል፣ ቼክ ላይ ሆና ሌላ ነገር ላንቀሳቅስ ብትል አይፈቅድላትም፣ የነካችውን ትታ ሌላ ብታነሳ ምንም የሚላት የለም። በሊቼስና በቼስ ዶት ኮም ጎበዝ የሆነ ልጅ ሁሉ እነዚህን ነገሮች ያውቃል ብላችሁ እንዳታስቡ፣ ከእንጨት ቦርድ ጋር ቁጭ ሲል ሌላ ጨዋታ ነው።

ከተሸነፈች በኋላ ስላለችው ሰዓት ትንሽ ልበል። ኮሪደሩ ላይ አባቶች ልጆቻቸውን እዛው ቆመው ለምን እንዲ አላደረግክም ሲሉ ታያላችሁ፣ አንዱ እንደውም የተጻፈበትን ወረቀት እያገላበጠ ይጮህ ነበር፣ ልጁ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። እባካችሁ ይሄን ተዉት። እኔ ይዣት ወጣሁ፣ ሻይና ብስኩት ገዛሁላት፣ ስለ ቼስ አንድም ቃል አላወራንም፣ አለቀሰች፣ እስኪወጣላት ተውኳት። ከዛ ራሷ ነች አባቢ ግን ለምን ኩዊን ሁለት አያስቀምጡም ብላ የጀመረችው። ልጅ ራሱ ሲጀምር ነው የሚሰማው፣ እናንተ ስትጀምሩ ግን ቁጣ ነው የሚመስለው።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ነው ሁሉን የቀየረው። ዳኛው ዙሩ ሲያልቅ ፈልጎን መጣ፣ ነይ እስቲ የኔ ልጅ አላትና ባዶ ጠረጴዛ ጋር አስቀመጣት። ሰዓቱን አስጀመረ፣ አሁን ወታደርሽን አስገቢ፣ ኩዊን የለም፣ ምን ታደርጊያለሽ አላት። ዝም አለች። ይቺን ንኪ አላትና ሰዓቱ መሀል ላይ ያለችውን ማቆሚያ አሳያት፣ ሁለቱም ቁጥር ቀጥ አለ። አሁን እጅሽን አውጪ። አወጣች፣ ግን ክርኗ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ጣቷ ብቻ ነው ቀና ያለው። እንደዛ አላይሽም፣ ከፍ አድርጊ፣ ጥሪኝ አላት። በጣም ቀስ ብላ ቲቸር አለች። ጮክ በይ። ቲቸር! አሁን ልክ ነሽ አላት፣ ደጋግሞ አሰራት፣ እሷም በመጨረሻ እየሳቀች ነበር። ስለ ማንኛውም ነገር ሰዓቱን አቁመሽ ብትጠሪኝ አልቆጣሽም፣ ስራዬ ነው፣ አላት። ይቺ ቃል ከኔ ሳይሆን ከዳኛው አፍ መውጣቷ ነው የረዳት፣ ስለዚ ከቻላችሁ ውድድሩ ሳይጀመር ልጃችሁን ዳኛው ጋር ወስዳችሁ አስተዋውቁ፣ ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ነው የሚያሳዩት።

ማታ እቤት የቼስ ሰዓት የለንም፣ ስልክ ላይ በነፃ የሚወርድ የቼስ ሰዓት አፕ አለ፣ እሱን ጠረጴዛው ላይ አስተኝተን ተለማመድን። ሆን ብዬ ኢሊጋል ሙቭ እጫወታለሁ፣ ታስቆመኛለች። ጠጠር ነክቼ ሌላ አነሳለሁ፣ ታስቆመኛለች። ካስል ሳደርግ (ንጉሡንና ሩኩን በአንድ ሙቭ ሳንቀሳቅስ) ሩኩን መጀመሪያ እነካለሁ፣ ታስቆመኛለች፣ ንጉሡ ነው መጀመሪያ መነካት ያለበት፣ በአንድ እጅ። የተጣመመ ጠጠር ለማስተካከል ደሞ ከመንካቷ በፊት አስተካክላለሁ እንድትል። እናቷ ሳይቀር ገብታ ዳኛ ሆነችልን። ከዛ ሁሉ ፐዝል ይልቅ ያቺ ማታ ጠቅማታለች ብዬ አምናለሁ።

እየተጫወቱ እያንዳንዱን ሙቭ ወረቀት ላይ መጻፍ ላይም በደንብ ላሳስባችሁ። ልጆች መጻፍ ይሰለቻቸዋል፣ ሁለት ሶስት ሙቭ ዘለው በኋላ እሞላዋለሁ ይላሉ፣ ከዛ አይሞላም። ያ ወረቀት ግን ክርክር ሲነሳ የልጃችሁ ብቸኛ ማስረጃ ነው። እንዴት እንደሆነ በመጨረሻው ዙር አየነው።

በመጨረሻው ዙር የገጠማት ልጅ ካሸነፈ ሜዳልያ ውስጥ ይገባል፣ እና ሲያጠቃ አያምርም አልልም፣ በጣም ጎበዝ ነው። ልጄ አሁንም ነጭ ናት። መሀል ላይ አንድ ሩክ አጣች፣ ኩዊኗና ጥቂት ወታደሮች ብቻ ቀሯት፣ እሱ ኩዊንም ሩክም አለው፣ የሚቀጥለው ሙቩ ደሞ ቼክሜት ነው፣ ከገመዱ ማዶ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ በሆዴ በቃ እጅ ትሰጥ ይሆናል ብዬ ነበር። እሷ ግን ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ይዛ ረጅም ሰዓት አሰበች። ከዛ ኩዊኗን ኢ8 አስገብታ ቼክ አለችው። ንጉሡ ጂ8 ላይ ነው፣ መሄጃ ያለው ኤች7 ብቻ ነው፣ ሄደ። ኩዊኗን ኤች5 አመጣች፣ ቼክ። ከጂ8 ሌላ መመለሻ የለውም፣ ተመለሰ። ኢ8 ቼክ፣ ኤች7። ኤች5 ቼክ፣ ጂ8። አንድ ሙቭ ብታሳርፈው ሜት ያደርጋታል፣ እሱም ከቼኩ ማምለጫ የለውም። ድሮው (አቻ) ነው ማለት ነው፣ ልጁ ግን አልፈለገም፣ እንድትሳሳት እየጠበቀ ነው፣ ፍጠኚ በሚል ዓይን ያያታል፣ ንጉሡን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ሰዓቱን ጠፍ እያደረገ ነው የሚጫነው።

እንደገና ኢ8፣ እንደገና ኤች7። አሁን ኩዊኗን ወደ ኤች5 ከመለሰቻት ያ ፖዚሽን ለሶስተኛ ጊዜ ይመጣል። እጇ ወደ ኩዊኗ ሄደ፣ ልትነካት ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ይሄን ያወቀችው ማታ ስንለማመድ ነው፣ ሶስት ጊዜ ተደጋግሟል ብሎ ድሮው ለመጠየቅ ጠጠሩን መንካት የለባችሁም፣ ከነካችሁ በዛ ሙቭ ላይ የመጠየቅ መብታችሁ ይቀራል። መጀመሪያ ሙቩን ወረቀቱ ላይ መጻፍ ነው፣ ሌላ ጊዜ ሳይጫወቱ ቀድሞ መጻፍ ክልክል ሆኖ ለዚህ ብቻ ነው የሚፈቀደው። እጇን ሰበሰበች፣ እስክሪብቶውን አነሳች፣ ጻፈች፣ ሰዓቱን አቆመች። ከዛ እጇን እስከ ላይ ዘርግታ ቲቸር! አለች፣ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ።

ዳኛው ሲመጣ ይሄን ሙቭ ከተጫወትኩ ሶስተኛ ጊዜ ይሆናል፣ ድሮው እጠይቃለሁ አለች፣ ድምጿ ይንቀጠቀጣል ግን አለችው። ልጁ አይደለም ሁለት ጊዜ ነው አለ። ዳኛው ሁለቱንም ወረቀት ወሰደ፣ የልጁ ወረቀት ላይ መሀል ላይ የተዘለሉ ሙቮች አሉ፣ የሷ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጽፏል፣ የእጅ ጽሁፏ ባያምርም ይነበባል። አጠገቡ ባለ ቦርድ ላይ ከወረቀቷ እየተከተለ አጫወተው፣ ሶስት ጊዜ፣ በሶስቱም የመጫወት ተራው የልጁ ነው፣ ልክ ነች አለ። ግማሽ ግማሽ ነጥብ። ልጁ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና እጁን ዘረጋላት፣ በኋላ ኮሪደር ላይ ከሩኩ ጋር እንዴት ማሸነፍ ይችል እንደነበር ቁጭ ብለው አብረው ሲያዩት ነበር።

ለወላጆች አንድ ነገር ልጨምር፣ ጥያቄው ልክ ባይሆን እንኳ የሚደርስባት ነገር ትልቅ አይደለም፣ ተጋጣሚዋ ሁለት ደቂቃ ይጨመርለታል፣ እሷም የጻፈችውን ሙቭ ተጫውታ ጌሙ ይቀጥላል። ስለዚ ልጁ እርግጠኛ ባይሆንም እንዲጠይቅ አበረታቱት። አምስት ጊዜ ከተደጋገመ ደሞ ሳይጠየቅም ድሮው ነው፣ እስከዛ መጠበቅ ግን አያስፈልግም፣ ልጅ በመሀል ይደነግጣል። ድሮው በቃል ለተጋጣሚ ማቅረብም የራሱ ስርአት አለው፣ ሙቩን ተጫውቶ፣ ድሮው ብሎ፣ ከዛ ሰዓቱን መጫን ነው፣ እምቢ ካለው በየሙቩ ደጋግሞ መጠየቅ እንደማስቸገር ይቆጠርና ያስቀጣዋል።

ሜዳልያ አላገኘችም፣ ከመሀል አካባቢ ነው የጨረሰችው። ከዛ በኋላ ትምህርት ቤት የሂሳብ ፈተናዋ ላይ ነጥብ ሲደመር ተሳስቶባት ራሷ ወረቀቱን ይዛ መምህሯ ጋር ሄዳ አስተካከለች፣ ድሮ ብትሆን እኔን ነበር ነገ አብረኸኝ ና የምትለኝ። ዘንድሮ ከ14 በታች ነው የምትጫወተው፣ እዛ ያሉት ልጆች ጠንካሮች ናቸው፣ ሩክ ኢንድጌም እያጠናች ነው። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ለወላጅና ለተጫዋች ደንብ የሚብራራበት ስብሰባ አለ፣ ብዙ ወላጅ አይሄድበትም፣ ሂዱ፣ ልጁንም ይዛችሁ ሂዱ፣ እዛ ላይ ስንት ሰዓት ዘግይቶ የመጣ ልጅ እንደተሸነፈ እንደሚቆጠር፣ ቦርሳ የት እንደሚቀመጥ፣ ተጨማሪ ኩዊን ማን ጋር እንዳለ ጠይቁ። ጥያቄውን ደሞ እናንተ ሳትሆኑ ልጁ እጁን አውጥቶ ይጠይቅ።